የደረቀው ቅጠል የት ይጻፍ?

የእህቴ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል የአካባቢ ሳይንስ ደብተሯን ይዛ መጣችና አንድ ገጽ ገልጣ አሳየችኝ። ገጹ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል «ሕይወት ያላቸው»፣ በሌላው በኩል «ሕይወት የሌላቸው» ይላል። ከላም፣ ከዶሮ፣ ከባሕር ዛፍና ከሰው ትይዩ ድንጋይ፣ ውኃ፣ አፈርና አየር ተደርድረዋል። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ተማሪ የሚጽፈው ነው። እርሷ ግን በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ሌላ መስመር አስምራ «የነበረው» የሚል ርዕስ ሰጥታዋለች። ከሥሩ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የደረቀ ቅጠል»። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘውታል።

ይህን የማነሣው መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። የብዙ ልጆችን ደብተር ሰብስቦ የሚያርም ሰው መልሱ በመጽሐፉ ካለው ጋር ሲገጥም ልክ ይላል፣ ሳይገጥም ሲቀር ይሰርዛል። ያ ቀይ መስመር ግን ለብዙ ቀናት ከአእምሮዬ አልወጣም። ልጅቷ ሳታውቀው የደረሰችበት ጥያቄ የዚህ ትምህርት እምብርት ነውና። ሕይወት ያለው ነገር ሕይወት ወደሌለው፣ ሕይወት የሌለውም ሕይወት ወዳለው የሚሻገርበት በር አለ፤ የደረቀው ቅጠል የቆመው በዚያ በር ላይ ነው። ልጆቻችን ሁለቱን ዝርዝር በቃላቸው ይዘው ፈተና ያልፋሉ። በሩን ግን አያዩትም፤ በሩን ያላየ ልጅ ደግሞ ሐይቅ ለምን በአረም እንደሚሸፈን፣ ማሳ ለምን እንደሚደክም፣ የተከለው ችግኝ ለምን እንደደረቀ ሊገባው አይችልም።

«ሥርዓተ ምህዳር» የሚለው ቃል ለልጅ ከባድ ይመስላል፤ ሥሩን ስንፈታለት ግን የቤት ቃል ነው። ኀደረ በግእዝ ተቀመጠ፣ ኖረ፣ አደረ ማለት ነው። «አደርክ? አደርሽ?» እያልን በየማለዳው የምንጠራው ግስ፣ መጽሐፍ የሚያድርበት የቆዳ ማኅደርም ከዚያው ግንድ የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ምህዳር ማደሪያ ነው፤ ሥርዓተ ምህዳር ደግሞ በማደሪያው ያሉት ሁሉ እርስ በርሳቸውና ከማደሪያቸው ጋር የሚተዳደሩበት ሥርዓት። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ አርተር ታንስሊ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ጽንሰ ሐሳብ በጽሑፍ ሲያስተዋውቅ አጥብቆ የተከራከረው ለዚሁ ነጥብ ነበር። እንስሳትንና ዕፅዋትን ከአፈሩ፣ ከውኃውና ከአየሩ ነጥለን ልናጠናቸው አንችልም፤ አብረው አንድ አካል ናቸው ይል ነበር። እኛ ለልጆቻችን በመስመር የምንከፍለው እርሱ አንድ ላይ ያሰረውን ነው።

ልጆች በመጀመሪያ ሕይወትን የሚያያይዙት ከእንቅስቃሴ ጋር ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ ትንንሽ ልጆች ፀሐይን፣ ደመናን፣ ነፋስንና ወንዝን እንደ ሕያው እንደሚቆጥሩ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አስተውሎ ጽፏል። በአማርኛ የሚያድግ ልጅ ደግሞ ከቋንቋው የሚያገኘው ተጨማሪ ምክንያት አለው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትገባለች። ወንዝ ይመጣል። መብራት እንኳ «ሄደ» ይባላል፣ ሲመለስም «መጣ»። በአንጻሩ ዛፍ አይሞትም። ሰው ሞተ፣ ላሟ ሞተች እንላለን፤ ዛፉን ግን «ደረቀ» ብለን እናልፋለን። ችግኙ ደረቀ፣ ወንዙ ደረቀ፣ የታጠበው ልብስ ደረቀ፤ ለሦስቱም አንድ ግስ። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሲሰማ የኖረ ልጅ ዛፍ እንደ ላም ይተነፍሳል፣ ይመገባል፣ ይሞታል ብንለው ግር ቢለው አያስደንቅም። ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ጥራ ሲባል እንስሳትን ቆጥሮ ቆጥሮ ሲያበቃ ነው ዛፍ ትዝ የሚለው። የባቄላ ፍሬ ቢያሳዩትማ ያለ ጥርጥር ከጠጠር ጋር ይመድበዋል። ያንኑ ፍሬ በእርጥብ ጥጥ ላይ አድርጎ መስኮት ሥር ያኖረው ልጅ ግን በቀናት ውስጥ ነጭ ሥር ብቅ ሲል ያያል። በዚያች ጠዋት ልጁ የሚጠይቀውን ጥያቄ አትቸኩሉበት፤ «እስካሁን ተኝቶ ነበር ወይስ ሞቶ ነበር?» ማለቱ አይቀርም።

እኔ ለእህቴ ልጅ ልገልጥላት የሞከርሁት በወጥ ቤት በኩል ነው። እናቴ ቡሃቃውን ገልጣ አየችና «ብርድ ነው ልጄ፣ ሊጡ ገና አልቦካም፤ ነገ ነው የምንጋግረው» አለች። ይህን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ልጅ የት አለ? በውስጡ ግን አንድ ሙሉ የሥርዓተ ምህዳር ትምህርት አለ። ጤፉ ሲቦካ የሚጨመረው እርሾ ካለፈው ሊጥ የተረፈ ውኃ ብቻ አይደለም፤ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን፣ ማለትም የእርሾ ፈንገሶችና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ይርመሰመሱበታል። ምግባቸው በዱቄቱ ያለው ስኳር ነው። የሊጡን ጣዕም የሚያኮመጥጠው አሲድ፣ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የእነርሱ ሥራ ነው። እንጀራው ላይ የምናደንቀው ዓይን ያ ጋዝ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ ነው። ሕያዋኑ እነዚህ ናቸው። ሕይወት የሌላቸውስ? ውኃው፣ ሸክላው ወይም ፕላስቲኩ፣ አየሩ፣ ከሁሉም በላይ ሙቀቱ። ያው እርሾ፣ ያው ጤፍ፣ ያው እጅ በቆላ ቶሎ ያቦካል፣ በደጋ ይዘገያል። ሙቀት አይበላም፣ አይወልድም፣ አይተነፍስም፤ ሆኖም በቡሃቃው ውስጥ ማን እንደሚበዛና ማን እንደሚያንስ የሚወስነው እርሱ ነው። እናቴ ይህን በሳይንስ ቃል አታውቀውም፤ ክረምት ሲመጣ ቡሃቃውን በጋቢ መጠቅለል ግን ታውቃለች።

ከሊጡ በሁለት የመስታወት ማሰሮ ቀድተን አንዱን ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላውን ከቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ አኖርን፤ የሊጡን ከፍታ በክር አሰርንበት። ማታ ላይ የምድጃው ሊጥ ከክሩ አልፎ አረፋ ደፍቷል፤ የጥጉ ከክሩ ንቅንቅ አላለም። ልጅቷ ደብተሯን አምጥታ «ሙቀት» የሚለውን ቃል ሕይወት ከሌላቸው መካከል ከጻፈች በኋላ ከእርሱ ተነሥቶ ወደ ግራ የሚሻገር ቀስት ሣለች። ያ ቀስት ማንም ያላዘዛት ነው።

ይህን ያህል ሁለተኛ ሙከራም በእያንዳንዱ ቤት አለ። አንድ እንጀራ ለሦስት ይቆረጥ። አንዱ ቁራሽ ፀሐይ ላይ ይሰጣ፣ አንዱ በክዳን በተዘጋ ግልጽ ዕቃ ውስጥ ቤት ይቀመጥ፣ አንዱ ማቀዝቀዣ ይግባ። የተዘጋው በጥቂት ቀናት ይሻግታል፤ ክዳኑ እንዳይከፈትና ልጁ እንዳያሸተው ጠንቅቆ መንገር ያስፈልጋል። የማቀዝቀዣው ይዘገያል። ፀሐይ ላይ የተሰጣው ግን ድርቆሽ ይሆናል፤ ድርቆሽ ደግሞ ለወራት ሊቆይ እንደሚችል ለመንገደኛ ስንቅ ያዘጋጁ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ልጁ «ለምን ድርቆሹ አልሻገተም?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ውኃ። ሻጋታ ሕያው ነው፣ ውኃ ይፈልጋል፤ ውኃው ሲወሰድበት እንጀራው ቢኖርም እርሱ አይኖርም። ሕይወት የሌለው ነገር መጥፋቱ ሕያው የሆነውን እንዴት እንደሚያስቀር ከዚህ የበለጠ በግልጽ የሚያሳይ ማስተማሪያ አላውቅም።

ሦስተኛዋን መስመር፣ «የነበረው» የሚለውን፣ ያለ እበት ማስተማር ይከብዳል። ላሟ የበላችው ሣር በፀሐይ ብርሃን የተሠራ ነው። ዕፅዋት በብርሃን አስተጻምሮ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከአፈር ውኃና ማዕድን ወስደው ራሳቸውን ይገነባሉ። ላሟ ሣሩን ትበላለች፣ ከፊሉ ሥጋና ወተት ይሆናል፣ የቀረው እበት ሆኖ መሬት ላይ ያርፋል። እበት ሕይወት አለው ወይስ የለውም? ልጁን ይዛችሁ ሜዳ ላይ አንድ ቀን ያደረ እበት በእንጨት ገልብጡለት። ጢንዚዛዎች እያንከባለሉ ይወስዱታል፣ ዝንብ እንቁላሏን ጥላበታለች፣ የምድር ትል ከሥር እየሳበው ነው፤ በዓይን የማይታዩት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ደግሞ ከሁሉም በልጠው ይሠራሉ። የእነዚህ አበስባሾች ሥራ ሲጠናቀቅ ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ ወደ አፈሩ ይመለሳል፣ ከዚያም አዲስ ሣር ይሆናል። ክቡ ተዘጋ።

በደጋው አገራችን ግን ይህ ክብ በአንድ ቦታ ይቆረጣል። እበቱ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ በግድግዳና በድንጋይ ላይ ደርቆ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ምድጃ ይገባል። ሲነድ ናይትሮጅኑ ወደ አየር ይበተናል፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሳ ላይ ሳይሆን ከጓሮ ጥግ ይደፋል። ማሳው በየዓመቱ እህል ይሰጣል፣ መልሶ የሚያገኘው ግን ይቀንስበታል። ይህን ለልጅ ስንነግር ኩበት የምታነደውን እናት ጥፋተኛ እንዳናደርግ መጠንቀቅ አለብን። እርሷ ኩበት የምታነደው እንጨት ስለሌለ ነው፤ እንጨት የሌለው ደኑ ስለተመነጠረ ነው፤ ደኑ የተመነጠረው የሚታረስ መሬት ስለጠበበ ነው። የገጠር ልጅ ይህን ሰንሰለት ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በራሱ ቤት ያየዋል፤ ምናልባትም ጠዋት ጠዋት እበቱን የሚሰበስበው እርሱ ራሱ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን «አምራች፣ ተመጋቢ፣ አበስባሽ» የሚሉ ሦስት ቃላት ይሰጡታል፤ የሚያውቀው እበት ከእነዚህ ቃላት ጋር ዝምድና እንዳለው የሚነግረው የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የሚያስፈልገውን ሁሉ ከቤቱ ይዞ የመጣውን ልጅ ባዶ እጁን እንደመጣ አድርገን እንቀበለዋለን።

ጣና ላይ ደግሞ ነገሩ በትልቁ ይታያል። ጣና ሰፊ ነው፣ 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። በሐይቁና በገባሮቹ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዝርያዎች አሉ። እንዴት እዚያ ብቻ ሊገኙ ቻሉ? አንዱ መልስ ድንጋይ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር የሚሆን የድንጋይ ገደል በመሆኑ ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም፤ ከላይ ያሉት ከሌላው የዓባይ ዓሣ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት የየራሳቸውን መልክና ጠባይ ያዙ። ሕይወት በሌላቸው ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የሚጻፈው ድንጋይ የሕያዋንን ዘር ለይቶ አሳደገ ማለት ነው። ከእነዚህ ዓሦች ብዙዎቹ ክረምት ሲሆን ሐይቁን ትተው በጉማራና በርብ የመሳሰሉ ገባር ወንዞችን ሽቅብ ይወጣሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ኦክስጅን በሞላበት ፈጣን ውኃ ውስጥ፣ በንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ በደለል ከተሸፈነ እንቁላሉ የሚያድግበት ቦታ ያጣል። ዓሣውን ማንም ሳይነካው፣ መረብ ሳይጣል፣ ከላይ በተሸረሸረ ማሳ ምክንያት ብቻ ዓሣው ሊጠፋ ይችላል።

እምቦጭ የመጣው በዚህ ላይ ነው። ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነበር፤ በጣና ላይ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አበባው ሐምራዊና ውብ ነው፤ ቅጠሉን የያዘው ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር ስለቋጠረ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ እየገፋ ከዳር ዳር ይወስደዋል። ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለው ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲመጣ፣ ገንዘብ ሲዋጣ ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። ልጆችም አይተዋል፤ የገባቸው ግን «መጥፎ አረም መጣ፣ ይነቀል» የሚለው ይመስለኛል። ሕይወት ያለው አንድ ክፉ ነገር ሐይቁን ወረረ፤ ታሪኩ ይህ ሆነ።

ሙሉው ታሪክ ግን ከአረሙ ይጀምራል ማለት አይደለም። እምቦጭ እንደማንኛውም ተክል ብርሃን፣ ውኃ፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋል። ብርሃንና ውኃ ጣና ላይ ሞልቷል። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ደግሞ ከተራራው ጫፍ በጎርፍ ታጥቦ በሚወርደው አፈር፣ ከማሳ በሚጠረገው ማዳበሪያ፣ ከከተማ በሚለቀቀው ፍሳሽ በየክረምቱ ይደርሰዋል። እኛ ከላይ የምናጣው አፈር እርሱን ከታች ይቀልበዋል። ቅጠሉ ውኃውን ሲሸፍን ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ በውኃው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ዕፅዋት በብርሃን እጦት ይመነምናሉ፤ አረሙ ራሱ ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ መራቢያ ዳርቻውን ያጣል፤ ታንኳው መውጫ ይቸግረዋል። ብርሃን፣ ኦክስጅን፣ አፈር፣ ማዕድን፤ አራቱም ሕይወት ከሌላቸው ወገን ናቸው፤ ታሪኩ የሚገለባበጠው ግን በእነርሱ ነው። ዘሩ በሐይቁ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበቅል መቆየት ስለሚችል ነቅሎ መጨረስም አልተቻለም። ልጁ ይህን ከተረዳ እምቦጭን ለማጥፋት ሥራው ከሐይቁ ርቆ፣ ከተራራው ላይ፣ ከእርከን እንደሚጀምር በራሱ ይደርስበታል።

ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይበቃሉ። በቁመታቸው ይቀደዱ፤ በአንዱ ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ በሌላው ባዶ አፈር ይደረግ። ዘንበል አድርጎ በሁለቱም ላይ እኩል ውኃ በዝግታ ማፍሰስ፣ ከአፋቸው የሚወጣውንም በብርጭቆ መቀበል። ከሣሩ በኩል የሚወርደው ጠርቶ ይወርዳል፤ ከባዶው አፈር የሚወርደው ቡና በወተት መስሎ። ሁለተኛው ብርጭቆ ጣና ነው።

መንዝ ላይ የሚገኘው ጓሳ ደግሞ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚዘነጉትን አንድ ነገር፣ ሰውን፣ ወደ ዝርዝሩ ያስገባል። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ ብርዳም ሜዳ ጭላዳዎች ሣር ሲግጡ፣ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው እየተዘዋወረ አይጥ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከሙከራዎቹ የሚሳካለት 25 በመቶ ሲሆን በጭላዳዎቹ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ጭላዳዎቹም ቀበሮውን አይሸሹትም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ልጅ ይህን ሲሰማ ዓይኑ ያበራል፤ በምግብ ሰንሰለት ሥዕል ላይ የማይታይ ጉርብትና ነውና። ሣሩ ራሱ እስከ ዛሬ የቆየው ደግሞ የመንዝ ሰዎች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ለምዕተ ዓመታት ስለጠበቁት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ፤ ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ጥበቃውን እስኪያቋቁም ድረስ። በልጆች መጽሐፍ ላይ ባሉት ሥዕሎች ሰው ወይ አይገኝም፣ ወይ መጥረቢያ ይዞ ይታያል። መጥረቢያ ያልያዘ፣ ሣሩን እየጠበቀ የሚጠቀም ሰውም በሥዕሉ ላይ ሊኖር ይገባዋል።

የችግኝ ተከላ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ተማሪዎች ወጥተው ይተክላሉ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ልጅ በእጁ አፈር ነክቶ መትከሉ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ልጅ ችግኝ ይዞ ሲሮጥ አላየም። የሚቆጨኝ ትምህርቱ ሐምሌ ላይ መቆሙ ነው። ችግኙ ፈተናው የሚመጣው ዝናቡ ሲያቆም፣ ከጥቅምት በኋላ ነው። አፈሩ ውኃ ይይዛል? ጉድጓዱ በቂ ነበር? ፍየል ደርሶበታል? ቦታው ለዝግባ ይሆናል ወይስ ለግራር? የቤተ ክርስቲያን ደን ያለበት አካባቢ የሚኖር ልጅ መልሱን ለማግኘት እስከ ቅጥሩ መሄድ ይበቃዋል። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ደኖች አሉ። ከቅጥሩ ውጭ መሬቱ ተራቁቶ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው ጥላ ጥሎ፣ ከሥሩ የወደቀው ቅጠል እንደ ፍራሽ ተነጥፎ ያገኘዋል። ያን ቅጠል ገልጦ እጁን ቢያስገባ አፈሩ በበጋም ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ያለውን ቢነካ ደግሞ ይፋጃል። ፀሐዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ ነው። ልዩነቱ የመጣው «የነበረው» ከሚለው መስመር ሥር በምትጽፉት ነገር ነው።

የከተማ ልጅስ? በአዲስ አበባ ግቢው ሲሚንቶ የሆነበት ልጅ ደን አያገኝም። ነገር ግን ከግንቡ ስንጥቅ የበቀለ ሣር፣ በቆርቆሮ የተተከለ ጤና አዳም፣ ከጣሪያው በላይ የሚያንዣብብ ጭልፊት፣ ከቄራ በኩል የሚሰበሰብ ጥንብ አንሳ አለው። ጥንብ አንሳ የሚለውን ስም አስቡት። አባቶቻችን ወፏን በላባዋ ወይም በድምጿ አልሰየሟትም፤ በሥራዋ ሰየሟት። የሞተውን ታነሣለች፣ በሽታ ሳይዛመት ምድሩን ታጸዳለች። ለልጅ «አስቀያሚ አሞራ» ከማለት ስሟን መፍታት ይሻላል።

እኔና የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። አራት ሜትር ገመድ አምጥተን፣ አራት ችካል ተክለን፣ ከእናቴ ጓሮ ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ መሬት አጠርን። ለአንድ ሰዓት ያህል ተንበርክከን ያየነውን ሁሉ ጻፍን። ሣር፣ ጉንዳን፣ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ጠጠር፣ የጠርሙስ ስብርባሪ፣ እርጥብ አፈር፣ የማንጎ ፍሬ፣ ሸረሪት፣ ጥላ። ጥላን የጻፈችው እርሷ ናት፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን ጥላው ከገመዱ ወጥቶ ሄዶ ነበርና ጉንዳኖቹም ተከትለውት መሄዳቸውን አስተዋለች። የደረቁ ቅጠሎችንም ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ሰባት ነበሩ። ደብተሩ አሁን ሦስት መስመር አለው፤ ቀስቶቹም በዝተዋል። የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የራሷ ደብተር ነው።

ጥቅምት ላይ እንደገና ገባን። ከአሥራ ሰባቱ ቅጠሎች ስድስቱ በደንብ ይለያሉ፤ የቀሩት ተበጣጥሰው ደም ሥራቸው ብቻ ቀርቷል፣ አንዳንዶቹም ከአፈሩ ጋር ተቀላቅለዋል። አንዱን ስትገለብጠው ከሥሩ እንደ ፈትል የቀጠነ ነጭ ነገር ተሰራጭቶ አየች። ፈንገስ ነው አልኋት። ማንጎው በቅሎ ሁለት ቀይ ቅጠል አውጥቷል፤ ሥሩ ነጩ ፈትል ካለበት አፈር ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «አጎቴ፣ ይህ ቅጠል እኮ አሁን ማንጎ ሊሆን ነው» አለችኝ። ከዚያም እርሳሷን አንሥታ ከሦስተኛው መስመር ወደ አንደኛው ረጅም ቀስት ማስመር ጀመረች፤ ገጹ አልበቃ ስላላት ቀስቱን በሚቀጥለው ገጽ ላይ ጨረሰችው።